ዳሞታን ዞሮ ማየት

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይባላል። መቼም አባባሉ ያየ ሰው ሁሉ እንዳየ ይቆጥራል። እኔ ደግሞ በመኪና መስኮት አይቶ ሳያይ የሚመለሰው ይበዛል ባይ ነኝ።

ማለዳ ከአረካ ተነስቶ የአጆራን መንታ ፏፏቴ አይቶ፣ በዳሞታ ተራራ ሥር አልፎ፣ ሶዶ ላይ ጥሬ ሥጋ በዳታ በልቶ፣ ማታ አረካ መመለስ ይቻላል። ከአረካ ሶዶ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አጆራ፣ አጃንቾና ሶኬ የሚባሉት ሁለት ወንዞች ከገደል እየተወረወሩ ወደ ኦሞ የሚወርዱበት ቦታ ነው። ያማረ ነው፤ ያየ ይመስክር። ችግሩ፣ ጉብኝቱ ውሃ ብቻ አሳይቶ ማለቁ ነው።

ይህ የዛሬ ጉዳይ አይደለም። የቱሪዝም ሥራችን በ1950ዎቹ ሲጀመር ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ አክሱምና ላሊበላ «ታሪካዊው መስመር» ተባሉ። ይገባቸዋል፤ ማን ይነፍጋቸዋል! ግን «ታሪካዊ» የሚለው ቃል ለሰሜኑ ሲሰጥ፣ ለደቡቡ የተረፈው «ተፈጥሮና ባህል» ሆነ። ወደ ሰሜን የሄደ እንግዳ ማን ምን እንዳደረገ ይነገረዋል፤ ወደ ደቡብ የወረደው አዞ፣ ሐይቅና ጭፈራ አይቶ ይመለሳል። ጢያና ኮንሶ በዩኔስኮ መዝገብ ገብተው፣ የጌዴኦም መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ተከትሏቸው እንኳ ልማዱ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀንም።

እስቲ ዳሞታን እንውሰድ። ሦስት ሺህ ሜትር ለመሙላት ጥቂት የቀረው፣ እሳቱ ከጠፋ እጅግ ረጅም ዘመን የሆነው እሳተ ገሞራ ነው። ከአረካ ወደ ሶዶ ሲሄዱ በስተግራ፣ ከባሕር መሐል እንደ ወጣ ደሴት ብቻውን ቆሞ ይታያል። በደቡብ ምዕራብ ጎኑ ሞቼና ቦራጎ የሚባል የዋሻ መጠለያ አለ። የአርኪዮሎጂ ሰዎች ቆፍረው ከ50 ሺህ ዓመት በፊት ሰው ይኖርበት እንደነበር አረጋግጠዋል። ያ ሰው መሣሪያውን የሚሠራው ከባልጩት ነበር፤ ባልጩት ደግሞ እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር መስተዋት ማለት ነው። የሚገርመው፣ የወላይታ ቆዳ ፋቂዎች እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ በድንጋይ መፋቂያ ይሠሩ ነበር። ይሄ ተፈጥሮ ነው ወይስ ታሪክ?

ወረድ እንበል። በገድለ ተክለ ሃይማኖት ውስጥ ሞቶሎሚ የሚባል የዳሞት ንጉሥ አለ። የወላይታ ሽማግሎች ንጉሡ የኛ ነው ይላሉ፤ ዳሞታም ስሙን ይዞ ቆሟል ባይ ናቸው። የታሪክ ምሁራን ይከራከሩበት። የመጨረሻው ንጉሥ ካዎ ጦና የወጣበት ሥርወ መንግሥት ደግሞ ስሙ «ትግሬ» ነው፤ በአፈ ታሪክ ምንጩ ከትግራይ ነው ይባላል። በቱሪስት ካርታ ላይ ሰሜንና ደቡብን በሁለት መስመር የለየነው እኛ ነን እንጂ፣ የድሮዎቹ እንኳ ተረታቸውን አንድ ላይ ነው ያወሩት።

ከኦሞ ማዶ፣ ዳውሮ ውስጥ፣ የንጉሥ ሃላላ የድንጋይ ካብ አለ። ግዛትን ለመከላከል የተካበ ነው። በጥር 2015 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩና የሕወሓት መሪዎች ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ የተገናኙት «ሃላላ ኬላ» በተባለው ሎጅ ነበር። ያን ሰሞን ስሙን በዜና ያልሰማ የለም። ሃላላ ማነው ብሎ የጠየቀ ግን ስንት ነው?

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። በ1887 ዓ.ም. ምኒልክ ራሳቸው እየመሩ ወላይታ ላይ ዘመቱ። የጦና ሰዎች ጦርና ጋሻ፣ የመጣባቸው ሠራዊት ጠመንጃ ነበረው። እልቂቱ ከባድ ሆነ፤ ጦና ቆስሎ ተማረከና ወደ አዲስ አበባ ተወሰደ። ከሠራዊቱ ጋር ቫንደርሄይም የሚባል ፈረንሳዊ የንግድ ሰው ነበር። የሰው መታረድን፣ የከብቱንና የምርኮኛውን መነዳት በዓይኑ አየ፤ ያየውን ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1896 ፓሪስ ላይ አሳተመ። ወላይታን አይተው ከጻፉ ቀደምት አውሮፓውያን አንዱ እንግዲህ ይሄ ሰው ነው፤ ጦር ተከትሎ የመጣ ጎብኚ። የአድዋ ጦርነት ሊሆን አንድ ዓመት ከጥቂት ወር ነበር የቀረው። አንዱ ንጉሥ፣ አንዱ ጠመንጃ፣ በአጭር ጊዜ ውስጥ እንዲህም እንዲያም። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ለአንባቢ ከባድ ነው፤ ለእኔም ከባድ ነው። ከባድ የሆነውን ሁሉ ከጉብኝቱ ማስወጣት ግን መፍትሔ አይመስለኝም።

ሶዶ ውስጥ በጦና ስም የተሰየመ አደባባይ አለ። በዚያ ስናልፍ አስጎብኚያችንን፣ ትሁትና ነቃ ያለ ልጅ ነው፣ ስለ ዘመቻው ለምን እንደማይናገር ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ቱሪስት እኮ እሱን አይጠይቅም» አለኝ። «ካልነገርከው ከየት አምጥቶ ይጠይቅ?» አልኩት። ትንሽ አሰብ አደረገና፣ «ሌላው ደግሞ ቂም መቀስቀስ ይሆንብኛል» አለ።

አልፈርድበትም። ይህን ታሪክ እንደ ቢላ ይዘው ብቻ የሚዞሩ መኖራቸውን እሱም እኔም እናውቃለን። ግን ዝም ያልነውን የሚናገሩት እነሱ ብቻ እንዲሆኑ ያደረግነውስ ማነን? የወላይታ ልጅ ከአያቱ የሰማውን እኛ ከአስጎብኚ አፍ ብንሰማው የሚፈርስ አገር ካለን፣ ችግሩ ከአስጎብኚው አልፏል። ሶዶ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች። እንግዳ ይበዛባታል። አደባባዩ ሥር ለአምስት ደቂቃ ቆሞ ጦና ማን እንደነበረ፣ ምን እንደደረሰበት መናገር ከፏፏቴው የሚወስደው ጊዜ የለም።

ከሶዶ ከፍታ ላይ ሆነው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲያዩ አባያ ሐይቅ ይዘረጋል። በዚያው በአድዋ ዓመት፣ በ1888 ዓ.ም.፣ ጣሊያናዊው አሳሽ ቦቴጎ ደረሰበትና በአገሩ ንግሥት ስም «ማርጋሪታ» አለው። ጦሩ አድዋ ላይ የተሸነፈ አገር ሰው ሐይቃችንን ለንግሥቱ ሰጥቶ ሄደ! የአውሮፓ ካርታዎችም ለረጅም ዘመን እንዲሁ ጻፉት። ይህቺን ታሪክ አስጎብኚያችን ሳይጠየቅ ነው የነገረን።