የልጃገረዶች ቅርጫት ኳስ በጣና ዳር፤ አመጣጡና የ2014 ዓ.ም. የውድድር ወራት

ስለ ኢትዮጵያ ስፖርት የተጻፈውን የሚመረምር ተማሪ በብዛት የሚያገኘው የእግር ኳስንና የሩጫን ታሪክ ነው። ስለ ቅርጫት ኳስ የተጻፈው ጥቂት ነው፤ ልጃገረዶች በየትምህርት ቤታቸው ስለሚጫወቱት ቅርጫት ኳስ የተጻፈው ደግሞ ከጥቂትም ያነሰ ነው። ይሁን እንጂ በባሕር ዳር ያደገ ሰው ከቀትር በኋላ ፀሐይ ወደ ሐይቁ ማዶ ስታዘቀዝቅ በሲሚንቶ ሜዳ ላይ የሚነጥረውን ኳስ ድምፅ ሳይሰማ አላደገም። እኛም ከዚህ ድምፅ ተነሥተን ሁለት ነገር ለመመርመር አስበናል። አንደኛው ጨዋታው ወደዚህ አገር እንዴት እንደመጣ ነው፤ ሁለተኛው በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት እስከ ሰኔ በዓይናችን ያየነው አንድ የልጃገረዶች የውድድር ዘመን እንዴት እንደተጀመረና እንዴት እንዳለቀ ነው። ያን ጊዜ እኛ በዚያው ከተማ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሪዎች ስለነበርን ጨዋታውን የተመለከትነው ብዙ ጊዜ ከአጥር ውጭ ቆመን መሆኑን አንባቢ አስቀድሞ ይወቅልን።

የጨዋታው ፈጣሪ ጄምስ ናይስሚዝ የተባለ መምህር ነው። በ1884 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ በአሜሪካ፣ በስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ በወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ሳለ፣ ክረምቱ ከብዶ ከቤት መውጣት ላልቻሉ ተማሪዎቹ የኮክ መልቀሚያ ቅርጫት በግድግዳ ላይ ሰቅሎ ጨዋታውን አስጀመራቸው። እኛ አገር «ቅርጫት ኳስ» የተባለው ከዚሁ የተነሣ ነው። ዛሬ የሚሰቀለው የብረት ቀለበትና መረብ ቢሆንም ስሙ አልተለወጠም።

ሴቶች ይህን ጨዋታ ለመያዝ ብዙ አልቆዩም። በስፕሪንግፊልድ በአካባቢው የነበሩ ሴቶች መምህራን ወዲያው ተጫውተውታል፤ ከነርሱም አንዷ በኋላ የናይስሚዝ ሚስት ሆናለች። በትምህርት ቤት ደረጃ ግን ሥራውን የሠራችው በሊትዌንያ ተወልዳ በአሜሪካ ያደገችው ሴንዳ ቤረንሰን ናት። በስሚዝ ኮሌጅ የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት ስለነበረች፣ በመጋቢት 1885 ዓ.ም. ተማሪዎቿን በሁለት ቡድን ከፍላ አጫወተቻቸው። ወንዶች ተመልካቾች እንዳይገቡም ተከለከሉ። ደንቡንም ለወጠችው፤ ሜዳው በሦስት ተከፈለ፣ ተጫዋቿ ከተመደበችበት ክፍል መውጣት አይፈቀድላትም፣ ኳስ ከሌላዋ እጅ መንጠቅ አይቻልም፣ ኳሱን ከሦስት ሰከንድ በላይ መያዝም ሆነ ከሦስት ጊዜ በላይ ማንጠር ክልክል ነው። የዚህ ምክንያት የሴት ልጅ ሰውነት ብዙ ሩጫ አይችልም የሚለው የዘመኑ እምነት ነበረ። መስመሩ ቀስ በቀስ ቢላላም፣ በአሜሪካ ኮሌጆች ሴቶች እንደ ወንዶቹ አምስት አምስት ሆነው በሙሉ ሜዳ የተጫወቱት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1971 ጀምሮ ነው። በዓለም አቀፉ ውድድር ግን በ1953 በቺሊ በሳንቲያጎ በተደረገው የመጀመሪያው የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና ሙሉ ሜዳ ይሮጡ ነበር። ወደ ኦሎምፒክ የገባው በ1976 በሞንትሪያል ነው፤ ኢትዮጵያ ግን ያን ዓመት ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ጋር አድማ አድርጋ ስለነበር አልተገኘችም።

ለጣና ዳር ልጅ መስመር ማለፍ መከልከል እንግዳ ነገር አይደለም። ከባሕር ዳር ጥቂት ራቅ ብሎ የሚታየው የክብራን ገብርኤል ደሴት ገዳም ሴት አይገባበትም፤ ሴቶች የሚደርሱት አጠገቡ እስካለው እስከ እንጦስ ኢየሱስ ነው። በዘጌ ያለው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግን ይቀበላቸዋል። ይህን ማንሣታችን በገዳማት ሥርዓት ላይ ለመፍረድ አይደለም። ሴት ልጅ የምትደርስበትና የማትደርስበት ቦታ እንዳለ እናቶች ለልጆቻቸው የሚያስተምሩበት አገር ውስጥ ልጃገረዶች ኳስ ይዘው ሜዳ ለመውጣት ምን እንዳስቻላቸው ለመጠየቅ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ የገባበት መንገድ ከአንድ በላይ ይመስላል። አገራችን የዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን አባል የሆነችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1949 ነው። በአዲስ አበባ አራት ኪሎ የነበረው ወወክማ የብዙ ተጫዋቾች መፍለቂያ ሆኖ፣ ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ማኅበሩ ሲዘጋም ሜዳው የስፖርት ማሠልጠኛ ሆኖ ቀርቷል። ለልጃገረዶች ግን ከማኅበር ይልቅ ትምህርት ቤት ይበልጥ ጠቅሟቸዋል። በ1924 ዓ.ም. የተከፈተው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ልጃገረዶች በመንግሥት ትምህርት ቤት አድረው የሚማሩበትን በር ከፈተ። ሴት ልጅ በግቢ ውስጥ ከእኩዮቿ ጋር ከዋለች፣ በግቢ ውስጥ መጫወቷ የሚቀር አይደለም።

በእኛ አስተያየት ቅርጫት ኳስን ለልጃገረዶች ያመቸው ነገር ይኸው ግቢ ነው። እግር ኳስ ሰፊ ሜዳ ስለሚፈልግ ብዙ ጊዜ ከአጥር ውጭ፣ አላፊ አግዳሚው በሚያይበት ስፍራ ይደረጋል። ቅርጫት ኳስ ግን ርዝመቱ 28፣ ወርዱ 15 ሜትር የሆነ ቦታ ይበቃዋል፤ ከክፍል ኋላ፣ በአጥርና በቤተ መጻሕፍት መካከል ይገባል። ለልጁ የገና ዕለት ሩር ይዞ ሜዳ መውጣት ከጥንት የተፈቀደ ነው፤ ለልጅቷ የተፈቀደላት በዘመን መለወጫ አበባየሆሽ እያለች በየደጁ መዞር ነበር። ቅርጫት ኳስ በዚህ መካከል ገብቶ፣ አባት የማያይበትን፣ ጎረቤትም የማያወራበትን ጥቂት ቦታ ሰጣት።

የባሕር ዳር ከተማ ራሷ ለዚህ ጨዋታ እኩያ ናት ማለት ይቻላል። በባሕር ጊዮርጊስ ዙሪያ የነበረችው ትንሽ መንደር ወደ ከተማነት የተለወጠችው በአብዛኛው በ1950ዎቹ ነው፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በጣልያን የጦር ካሣ ተሠራ፣ በሶቪየት እርዳታ የፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት በ1955 ዓ.ም. ተከፈተ፣ የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ኃይልም ተከተለ። በኋላ ፖሊ ቴክኒኩና የመምህራን አካዳሚው በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው ዩኒቨርሲቲ ሆነዋል። በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን መግቢያ ላይ ደግሞ ከ270 በላይ የሆኑ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በየክፍለ ሀገሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ማስተማር ጀመሩ። ከመካከላቸው ሴቶች ብዙ ነበሩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንድናስተውል ይገባል፤ እነዚህ አሜሪካውያት ያደጉት ሜዳው ለሴቶች ተከፋፍሎ በነበረበት ዘመን ነው። እዚህ መጥተው ያስተማሩት ልጃገረድ ግን ውኃ ከምንጭ ተሸክማ፣ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ባለ አገር ረጅም መንገድ በእግሯ ሄዳ የምትማር ናት። ለእርስዋ ሩጫ ይከብዳታል የሚል ሰው ቢገኝ ብዙ በሳቀችበት ነበር።

ታዲያ ችግሩ ሩጫው ካልሆነ ምንድን ነው? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት የጋብቻ ዕድሜ አድርጎ ወስኖ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ሁለቱንም 18 አደረገው። አንባቢ ይህን ከትምህርት ቤት ዕድሜ ጋር ያስተያየው፤ ልጅቷ ወደ ዘጠነኛ ክፍል የምትገባው 15 ዓመት ሲሆናት ነው። ስለዚህ ለአርባ ዓመት ያህል የቅርጫት ኳስ ዕድሜዋና የሕጉ የጋብቻ ዕድሜዋ አንድ ሆነው ኖረዋል፤ በገጠሩም ሕጉ ከፈቀደው ቀድሞ መዳር የተለመደ ነበረ። በየትምህርት ቤቱ የወንዶች ቡድን ከዓመት ዓመት ሲቀጥል የልጃገረዶቹ እየፈረሰ እንደ አዲስ የሚጀመረው በዚህ የተነሣ ይመስለናል።

አሁን ወደ 2014 ዓ.ም. እንመለስ። የተመለከትነው ቡድን ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚጫወት ነበረ። ዝናቡ ካቆመ በኋላ በጥቅምት ልምምድ ተጀመረ። ትምህርቱ በፈረቃ ስለነበር የጧት ተማሪዎችና የከሰዓት ተማሪዎች በአንድነት የሚገናኙት ቅዳሜ ብቻ ነበር። የሰውነት ማጎልመሻ መምህሩም ግጥሚያውን ሁሉ ቅዳሜ ላይ አደረጉት። ኳሱ አንድ ነው፤ ያውም የወንዶቹ ሰባት ቁጥር ነው። ለሴቶች ትንሽ አነስ ያለ ስድስት ቁጥር ኳስ በዓለም አቀፍ ደንብ ከተወሰነ ብዙ ዓመት ቢሆነውም እዚያ ሜዳ አልደረሰም። በእኛ ትምህርት ቤትም ቢሆን ነገሩ የተሻለ አልነበረም፤ ልጃገረዶቹ ሜዳ የሚያገኙት እኛ ወንዶቹ ደክሞን ስንወጣ ነበር፤ ያን ጊዜ ይህ ስሕተት መሆኑ ለአንዳችንም አልታየንም።

በኅዳር መጨረሻ ጦርነቱ ስለበረታ የአገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ሳምንት ተዘግተው ተማሪዎችና መምህራን የዘማቾችን ሰብል እንዲሰበስቡ ተደረገ። ተጫዋቾቹም ከኳስ ወደ ማጭድ ሄዱ። በጥር ልምምዱ ቀጠለ። ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ፣ በመጋቢት 24 ቀን ደግሞ ረመዳን ተጀመረ፤ ትንሣኤ እስከዋለበት እስከ ሚያዝያ 16 ድረስ ክርስቲያኖቹም እስላሞቹም ልጆች በአንድ ቡድን ውስጥ ጾመኞች ነበሩ። መምህሩ ልምምዱን ሲያሳጥሩላቸው እናንተ ከጾማችሁ እኛም ጾመናል እየተባባሉ ይሳሳቁ እንደነበር እናስታውሳለን። ዓመቱን በሙሉ እንደዚያ ወር የተስማማ ቡድን አላየንም።

ቡድኑን ያደናቀፈው ጾሙ ሳይሆን ቅዳሜ ነው። ከልጃገረዶቹ ሁለቱ ከገጠር ቀበሌ መጥተው፣ በከተማው አንድ ክፍል በጋራ ተከራይተው የሚማሩ ነበሩ። እንደነዚህ ያሉ ተማሪዎች በየሳምንቱ ዐርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ጧት ወደ ቤተ ሰባቸው ሄደው የሳምንት ስንቃቸውን፣ ይኸውም እንጀራውን፣ ሽሮውንና በርበሬውን ይዘው ይመለሳሉ። የባሕር ዳር ትልቁ ገበያ ቅዳሜ ስለሚውል ወላጅም ወደ ከተማ የሚወጣው፣ ዕቃም የሚላከው በዚሁ ቀን ነው። ከሁለቱ አንደኛዋ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ ከቡድኑ ሁሉ ኳስ በማቀበል የምትበልጥ ነበረች። ሳታይ ታቀብል ነበር ብንል ማጋነን አይደለም፤ ዓይኗን ወደ ቀኝ አድርጋ ኳሱን ወደ ግራ ትሰድዳለች፣ ተከላካይዋም ተታልላ ትቀራለች። ነገር ግን ከሁለት ግጥሚያ አንዱን ትቀራለች። አንድ ቀን መምህሩ በቁጣ፣

«ምነው ልጄ፣ ጓደኞችሽን ሜዳ ላይ ጥለሽ የት ትሄጃለሽ?» ቢሏት፣

«ቲቸር፣ ቅዳሜ ከተጫወትኩ ሰኞ ምን እበላለሁ?» ብላ መለሰችላቸው።

መምህሩ ዝም አሉ። እኛም ከአጥር ውጭ ሆነን ሰማን። ይህ ጥያቄ ከማናቸውም ሰነድ ይልቅ ለጥናታችን ጠቅሞናል። የከተማ ልጃገረዶች ብቻ የሚጫወቱባቸው ቡድኖች የበዙት የገጠር ልጃገረድ ስለማትወድ ወይም ወላጅ ስለሚከለክላት ነው የሚለውን አስተሳሰብ እኛም ይዘን ነበር። የእርስዋ አባት ግን ቅርጫት ኳስ የሚባል ነገር መኖሩንም የሚያውቁ አይመስለንም፤ የሚከለክሉትም ነገር አልነበረም። የከለከላት የቀን አመዳደብ ነው። በ1950ዎቹና በ60ዎቹም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በጥቂት ከተሞች ብቻ ስለነበር ተማሪው ከሩቅ አገር መጥቶ፣ ቤት ተከራይቶና ስንቅ አስይዞ ይማር ነበር። የዚያን ዘመን ቅዳሜም ከዚህ የተለየ እንዳልነበረ መገመት ይቻላል።

መምህሩ ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ተመላልሰው፣ የሌሎቹን ትምህርት ቤቶች መምህራን ለምነው፣ የግንቦትን የመጨረሻ ግጥሚያ ወደ ሐሙስ ከሰዓት አዛወሩት። ለዚህም የሁለት ክፍል የፈረቃ ሰዓት መለወጥ ነበረበት፤ አንድ የሒሳብ መምህርም በጣም ተቆጥተው ነበር አሉ። ሐሙስ ልጅቷ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጫወተች። ተጋጣሚዎቹ በቁመት የሚበልጡ ስለነበሩ ከቅርጫቱ ሥር የሚወድቀውን ኳስ ሁሉ ይወስዱ ነበር፤ የእኛዎቹ በሩጫና በማቀበል ተቋቁመው እስከ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ድረስ መሩ። በአራተኛው ደከሙና በሦስት ነጥብ ተሸነፉ። ልጅቷ ነጠላዋን ለብሳ፣ ሸንኮራ አገዳ እየበላች ስትወጣ አየናት፤ ያዘነች አትመስልም ነበር።

በሰኔ ዝናቡ ሲገባ ሜዳው ውኃ ቋጠረና ነገሩ አበቃ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍሎቹ ፈተና ወደሚቀጥለው ዓመት መስከረም መጨረሻ ተላልፎ በየዩኒቨርሲቲው ስለተሰጠ ሦስቱ ተጫዋቾች ክረምቱን በጥናት አሳለፉ። በ2015 ዓ.ም. ሐሙስን ለመቀጠል ተሞክሮ ከፊሉ ተሳክቶ ነበር፤ ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀ በኋላ ግን በክልሉ የብዙ ትምህርት ቤት በር ስለተዘጋ የቅዳሜና የሐሙስ ክርክርም አብሮ ቆመ።

መምህሩ የግጥሚያ ውጤት የሚጽፉበት አንድ ደብተር አላቸው። ከፊት ለፊት የወንዶቹ፣ ከኋላ ተገልብጦ የልጃገረዶቹ ነው። የኋላው አሥራ አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ በአንዳንዱ ገጽ ላይ ነጥቡ ሳይጻፍ የቀሩት ልጆች ስም ብቻ፣ አጠገቡም «ስንቅ» ተብሎ ሰፍሯል። እነዚህን ገጾች በመምህሩ ፈቃድ ገልብጠን፣ የልጆቹን ስም አውጥተን፣ ለኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት አስረክበናል።