«ፋርማኪያ»፦ የቃሉ ምንጭና ትርጉም

ሐዋርያው ጳውሎስ በገላትያ 5፥20 ከሥጋ ሥራዎች መካከል አንዱን በግሪክኛ «ፋርማኪያ» ይለዋል። የ1954 ዓ.ም. የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ምዋርት» ብሎ ተርጉሞታል። በየመንገዱ ዳር የምናየው «ፋርማሲ» የሚለው ስም የመጣውም ከዚሁ ቃል ነው። ከዚህ ተነሥተው «ኪኒን መዋጥ ምዋርት ነው» የሚሉ ወገኖች አሉ። ይህን ሰምቶ መድኃኒቱን የሚያቋርጥ ሕመምተኛ ሕይወቱን ሊያጣ ስለሚችል ቃሉን በጥንቃቄ መመርመር ይገባናል።

የቃሉ ምንጭ

ሥሩ «ፋርማኮን» ነው። በጥንቱ ግሪክኛ ፈዋሽ መድኃኒትም፣ ገዳይ መርዝም፣ የአስማተኛ ቅመምም በዚህ አንድ ቃል ይጠሩ ነበር። ብዙዎቹ የሚዘጋጁት ከዕፅዋት ቅጠልና ሥር ነው። በሆሜር «ኦዲሲ» 10ኛ መጽሐፍ ኪርኬ ሰዎችን ወደ እሪያ የምትለውጥበት ቅመምም፣ ኦዲሴዎስን ከእርሷ የሚጠብቀው ተክልም «ፋርማኮን» ይባላሉ።

የእኛም ቃል እንዲሁ ነው። «መድኃኒት» ከግእዙ «ድኅነ» (ዳነ) የወጣ ቢሆንም፣ «የአይጥ መድኃኒት» ስንል መርዝ፣ «መድኃኒት አደረጉበት» ስንል ደግሞ መተት ማለታችን ነው። ትርጉሙ የሚታወቀው ከንግግሩ ዐውድ ነው።

በመጽሐፍ ቅዱስ

የብሉይ ኪዳን ጥንታዊ የግሪክ ትርጉም (ሰብዓ ሊቃናት) በዘጸአት 7፥11 የፈርዖንን አስማተኞች ሥራ፣ በኢሳይያስ 47፥9 የባቢሎንን አስማት በዚሁ ቃል ይጠራል። ራእይ 18፥23ም በዚሁ መንገድ ይጠቀምበታል። ጳውሎስም ቃሉን ያስቀመጠው ጣዖትን ከማምለክ ቀጥሎ ነው። ስለዚህ የተወገዘው ከእግዚአብሔር ውጭ ስውር ኃይልን መሻት ነው፤ መስተፋቅር፣ መተትና ድግምት ከዚህ ይመደባሉ።

ሕክምና ግን አልተወገዘም። ኢሳይያስ ለሕዝቅያስ እባጭ የበለስ ጥፍጥፍ አዘዘ (ኢሳ. 38፥21)። ይኸው ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት የወይን ጠጅ እንዲጠቀም መከረው (1ጢሞ. 5፥23)፤ ሉቃስንም «ሐኪም» ብሎ በፍቅር ጠራው (ቆላ. 4፥14)።

ማጠቃለያ

እግዚአብሔር ዛሬም ይፈውሳል፤ ለታመሙትም እንጸልያለን። ነገር ግን የተጸለየለት ሰው ወደ ሐኪሙ ተመልሶ ይመርመር እንጂ በራሱ ውሳኔ መድኃኒቱን አያቋርጥ። መመርመር አለማመን አይደለም። ጌታም የነጻውን ለምጻም ራሱን ለካህን እንዲያሳይ አዞታል (ማቴ. 8፥4)።

ጌታ ማስተዋልን ይስጠን!