የነጻው ዩኒቨርሲቲ ዜና

ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈነዋል።

በምዕራብ ጀርመን፣ በራይን ወንዝ ዳር በምትገኘው በዱሰልዶርፍ፣ ጆሴፍ ቦይስ የሚባል ቀራፂ ነበረ። በ1961 በከተማይቱ የኪነ ጥበብ አካዳሚ መምህር ሆኖ ተሾመ። በ1971 አካዳሚው 142 አመልካቾችን በመለሰ ጊዜ፣ መማር የፈለገ አይመለስም ብሎ ሁሉንም ወደ ክፍሉ ጠራቸው። በዓመቱም የተመለሱት እንዲገቡ ሲጠይቅ እንቢ ተባለ፤ በኦክቶበር 1972 ከተማሪዎቹ ጋር የአካዳሚውን ጽሕፈት ቤት ይዞ ተቀመጠ። የግዛቲቱ የሳይንስ ሚኒስትር ዮሐንስ ራውም ከመምህርነቱ ሻረው፤ ፖሊሶች መጥተው አስወጡት።

በዚያው ዓመት የኖቤልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ያገኘው ደራሲ ሃይንሪኽ ቦል ወዳጁ ነበረ። በኤፕሪል 1973 ቦይስ ከወዳጆቹ ጋር ነጻ ዓለም አቀፍ ዩኒቨርሲቲ የሚባለውን ማኅበር በዱሰልዶርፍ አቋቋመ፤ መግለጫውንም ከቦል ጋር ጻፈ። የመፍጠር ኃይል የአርቲስት ብቻ ሳይሆን የሰው ሁሉ ነው፤ ፉክክር ግን ያፍነዋል አሉ። ስለዚህ ገበሬውም ሠራተኛውም ሐኪሙም አገሩን እንደ ቅርጽ አብሮ ይሥራት ዘንድ ተመኙ። እኔም ይህን ከሥራዎቹ ሁሉ አስበልጣለሁ፤ በር የተዘጋበትን ሰው የመንግሥትና የገንዘብ ነገር ይመለከትሃል ብሎ ማስቀመጥ ታላቅ ድፍረት ነውና።

በ1977 በጀርመኗ ከተማ በካሰል ዶኩሜንታ የተባለው ትልቁ የኪነ ጥበብ ዐውደ ርእይ ሲከፈት፣ ዩኒቨርሲቲው ዐውደ ርእዩ በሚታይበት ሙዚየም ውስጥ ለ100 ቀን ጉባኤ ዘረጋ። ስለ ኑክሌር ኃይል፣ ስለ ሰሜን አየርላንድ፣ ስለ ሰብአዊ መብት፣ ስለ ሥራ አጥነት ተከራከሩ። ቦይስም ወደ ሁለት ቶን የሚጠጋ ማር በሞተር ገፍቶ በቱቦ በሙዚየሙ ውስጥ አዞረው፤ ቱቦውም ሰዎቹ በሚነጋገሩበት ክፍል ያልፍ ነበር። ማሩ እንደ ደም ሲዘዋወር፣ ሐሳብም በሕዝብ ውስጥ እንዲዘዋወር ፈልጎ ነው።

በ1978 የፌዴራሉ የሥራ ክርክር ፍርድ ቤት ቦይስ ከአካዳሚው መባረሩ ሕገ ወጥ ነበር ብሎ ፈረደለት።

በ1982 ደግሞ በካሰል 7000 ዛፍ ሊተክል ተነሣ። ከሙዚየሙ ፊት 7000 የባዝልት ድንጋይ አስከመረ፤ አንድ ዛፍ በተተከለ ቁጥር አንድ ድንጋይ ከክምሩ ተነሥቶ በአጠገቡ ይቆም ነበር። ክምሩን ያየ ሁሉ የቀረውን ሥራ ያውቅ ነበር። ቦይስ ሳይጨርስ በጃንዋሪ 1986 ሞተ፤ የመጨረሻውን ዛፍ በ1987 ልጁ ቬንዘል ተከለው። የነጻው ዩኒቨርሲቲ ማኅበርም በ1988 ፈረሰ።