ነፋሱን የተማረችው ጆርጂያ

በቡና ሰዓታችን ስለ ድፍረት ስንጨዋወት «ደፋር ማለት የማይፈራ ነው» የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። በዚህ ጽሑፍ የአንዲት አሜሪካዊት ታሪክ የምናነሣው ይህን ሐሳብ ጥቂት ለማረም ነው።

ጆርጂያ አን ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1893 በሰሜን ካሮላይና ተወለደች። ሰውነቷ እጅግ ትንሽ ስለነበር «ታይኒ»፣ እንደኛ አባባል «ሚጢጢዬ» ይሏት ነበር። በ12 ዓመቷ ተዳረች፤ በ13 ዓመቷ ወለደች። ባል አጠገቧ ሳይኖር በጥጥ ፋብሪካ እየሠራች ልጇን ታሳድግ ጀመር። ይህን የሕይወት ጅማሬ ከመካከላችን ብዙዎቻችን ሳይነግሩን እናውቀዋለን።

በ1907 በራሌ ከተማ ትርኢት ላይ ቻርልስ ብሮድዊክ የተባለ ሰው ከፊኛ በጃንጥላ ሲወርድ አየች፤ እኔም ልሥራ ብላ ጠየቀችው። ልጇን ለእናቷ ትታ ከቡድኑ ጋር ሄደች፤ በ1908 ዘለለች። ብሮድዊክም የእሱን ስም ሰጣት።

ያኔ ጃንጥላው ክብ ነበር፤ እንዳሁኑ በእጅ አይመራም። የት እንደምታርፍ የሚወስነው ነፋሱ ነው። ጆርጂያ ዛፍ ላይና ረግረግ ውስጥ አርፋለች፤ አጥንቷም ተሰብሯል። ሰኔ 21 ቀን 1913 ግሌን ማርቲን ካበረረው አውሮፕላን በሎስ አንጀለስ ሰማይ ከ600 ሜትር ገደማ ዘለለች። ከአውሮፕላን በጃንጥላ በመውረድ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

በ1914 ደግሞ በሳንዲያጎ ለአሜሪካ ጦር ሠራዊት የጃንጥላን ጥቅም እንድታሳይ ተጠራች። ጃንጥላውን የሚከፍተው አንድ ጫፉ ከአውሮፕላኑ ጋር የታሰረ ገመድ ነበር። በአንዱ ዝላይ ነፋሱ ገመዱን ከአውሮፕላኑ ጭራ ጋር አጠላለፈው፤ ጆርጂያም ተንጠልጥላ ቀረች። ወደ ላይ መመለስ አልቻለችም። ገመዱን አጭር ቁራጭ አስቀርታ ቆረጠችው፤ ወደቀች፤ ቁራጩን በእጇ ስባ ጃንጥላውን ከፈተችው። ሰው በገዛ እጁ ጃንጥላ ከፍቶ መውረድ እንደሚችል በዚያ ታየ።

ይህን የሠራችው ግን ጀማሪ አልነበረችም። ከአምስት ዓመት በላይ ዘልላ፣ ዕቃዋን ክር በክር አውቃ ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አባቶቻችን። በ1922 ሥራውን ስትተው ከ1,000 በላይ ዝላይ ነበራት።

ዛሬ በአሜሪካ ለተማሪ ዘላዮች ገደብ አለ፤ ምድር ላይ ያለው ነፋስ በሰዓት ከ22 ኪሎ ሜትር ገደማ ካለፈ ተማሪ አይዘልም። የለመደው ራሱ ይወስናል። ጀማሪ የሚያርፈው ወደ ነፋሱ ፊቱን አዙሮ ነው፤ ነፋሱ ከበረታ ጃንጥላው ካረፈ በኋላም መሬት ለመሬት ይጎትተዋል። ስለዚህ ተማሪዋ ዕቃዋን ለብሳ ሙሉ ቀን ጠብቃ ሳትዘል ወደ ቤቷ ልትመለስ ትችላለች። ማንም ፈሪ አይላትም።

እኛም አንዲት አዲስ ተበዳሪ እህታችንን «ገበያው እስኪረጋ ብድርሽን አቆዪው» ስንላት ቅር ብሏት ነበር። ችሎታዋን ተጠራጥረን አልነበረም። ያልነው ለመጀመሪያው ዝላይ የሚሆነው ነፋስ ሌላ ስለሆነ ነው። ቁጠባዋን ቀጥላለች፤ ተራዋም አልተነካም።