ዕዳው ያለቀ የዱቤ ገጽ ይዘጋ ወይስ ይቆይ? ከማዮ የጀሩራ ታሪክ

ማዮ የኖረ ሰው የጀሩራን ደብተር ያውቃል። ከሚዛኑ አጠገብ የሚቀመጥ፣ ጠርዙ በዘይትና በስኳር የጠቆረ፣ በላስቲክ የታሰረ ደብተር ነው። በውስጡ እያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ገጽ አለው። ሱዳኖች ዱቤውን «ጀሩራ» ይሉታል። ደብተሩን «ደፍተር» ይላሉ፤ የእኛው ደብተር ነው፣ የቃሉ ምንጭ አንድ ነው።

እኔም እዚያ ገጽ ነበረኝ። በ2022 መጀመሪያ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ) የመጨረሻውን ከፍዬ ስጨርስ ባለሱቁ «ኻላስ፣ ያ ኡኽቲ» ብሎ ሻይ ጋበዘኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ቤት ስደርስ ግን ሐሳብ ያዘኝ፤ ይህ ገጽ ይዘጋ ወይስ እንዳለ ይቆይ? ትንሽ ጥያቄ ትመስላለች። መልሱን ለማግኘት ግን የሰፈሩንም የገንዘቡንም ታሪክ ማስታወስ ያስፈልጋል።

ማዮ ከካርቱም በስተደቡብ ያለ ሰፈር ነው። ስሙ የመጣው ጃፋር ኑሜሪ በግንቦት 1969 ሥልጣን ከያዙበት «የማዮ አብዮት» ነው። በ1983 የደቡቡ ጦርነት እንደገና ሲነሳ፣ በ1984 እና 1985 ደግሞ ዳርፉርንና ኮርዶፋንን ረሃብ ሲመታ፣ የተፈናቀለው ሕዝብ ወደ ካርቱም ዳርቻ ጎረፈ። ማዮም ከኑባ፣ ከዳርፉርና ከደቡብ የመጣው ሁሉ የሰፈረበት ሆነ። እኛም ሐበሾቹ፣ ቤት ኪራይ ከዴምና ከጅሬፍ ይቀላል ብለን ገባን።

እዚያ የሚኖረው ሰው ገቢው የቀን ነው። ግንበኛው ዛሬ ይሠራል፣ ነገ ይቀመጣል። ሻይ የምትሸጠው እህታችን ከሻ ከመጣባት ጀበናዋም ወንበሯም ተጭኖ ይሄዳል፤ በማግሥቱ ስኳሩን፣ ቡናውንና ከሰሉን በዱቤ ካላገኘች ሥራ የለም። ለእንዲህ ያለ ሰው ባንክ በሩን አይከፍትም። ባንኩ የጀሩራው ደብተር ነው። ዋስትናውም ፊትህ ነው፤ ባለሱቁ ቤትህን ያውቃል፣ ልጆችህን ያውቃል።

የሱቅ ካርድ የሚባለው ነገር ማዮ ደርሶ አያውቅም። በመስከረም 1983 ሸሪዓ ከታወጀ በኋላ ባንኮቹ ከወለድ እንዲወጡ ተደረገ። በ1997 ደግሞ አሜሪካ በሱዳን ላይ አጠቃላይ ማዕቀብ ጣለች፤ የተነሳው በ2017 ነው። በእነዚያ 20 ዓመታት ቪዛና ማስተር ካርድ ይዞ ካርቱም የገባ ነጋዴ ካርዱ እንደ ወረቀት ነበር። ስለዚህ ዱቤው በደብተር ቀረ። ወለድ የለውም፣ ግን ያለ አደጋ አይደለም።

የመጀመሪያው አደጋ ገንዘቡ ራሱ ነው። ሱዳን በ1992 ዲናርን አስገባች፤ አንዱ ዲናር 10 ፓውንድ ነበር። በ2007 ዲናሩ ቀርቶ አዲስ ፓውንድ መጣ፤ አንዱ አዲስ ፓውንድ በ100 ዲናር ተመነዘረ። ስናሰላው አንድ አዲስ ፓውንድ 1,000 አሮጌ ፓውንድ ነው። ሕዝቡ ግን አሮጌውን አፉ ላይ አልተወም፤ አንዱን ፓውንድ «አልፍ»፣ ማለትም ሺህ፣ እያለ ቀጠለ። ደብተር ላይ «40» ተብሎ የተጻፈውን አንዱ አርባ ይለዋል፣ ሌላው አርባ ሺህ። ሁለቱም አልዋሹም። ተከፍሎ ያልተሰረዘ መስመር ከሦስት ዓመት በኋላ ጠብ የሚሆነው እንዲህ ነው።

ሁለተኛው አደጋ ንረቱ ነው። በ2018 ባንኮች ጥሬ ገንዘብ አጥተው ሰው በገዛ ሒሳቡ ይሰለፍ ነበር፤ በቼክና በእጅ የሚሸጥበት ዋጋም ተለያየ። በየካቲት 2021 ዶላሩ በአንድ ቀን ከ55 ወደ 375 ፓውንድ ተወሰደ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የዓመቱ የዋጋ ንረት ከ400 በመቶ አለፈ። በዚህ ጊዜ በዱቤ የሰጠ ባለሱቅ ከሰረ። የእኔው ባለሱቅ ዘዴ አበጀ፤ ገንዘቡን ትቶ ዕቃውን ጻፈ። ሁለት ረጥል ስኳር ከወሰድኩ ሁለት ረጥል ስኳር፣ በከፈልኩበት ቀን ዋጋ። ለእሱ ልክ ነው። ለእኔ ግን የተከፈለው መስመር በዚያው ቀን ካልተሰረዘ፣ ስኳሩ በተወደደ ቁጥር ዕዳዬ እንደ አዲስ ያድጋል ማለት ነው።

ሦስተኛው አደጋ ስም ነው። ክፍት ገጽ ክፍት በር ነው። ጎረቤቴ የነበሩ አንዲት እትዬ ዕዳቸውን ጨርሰው ገጹን እንዳለ ተዉት። ቀድሞ አብራቸው ትሠራ የነበረች ልጅ በስማቸው ለወራት ስትወስድ ቆየች። ባለሱቁ የሚያውቀው እሳቸውን ነውና ዕዳው ከእሳቸው ራስ አልወረደም። ዕዳ ከሜዳ ማለት ይህ ነው። «ዝጊው፣ ስምሽን ሜዳ ላይ አትተዪ» ያሉኝ እሳቸው ናቸው።

ባለቤቴ ግን አልተስማማም። «ከዘጋሽው ባለሱቁ ተቀየመችኝ ይላል። ኸሪፍ ሲመጣ፣ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ሲሆንና ገበያው ሲሞት ወዴት ልትሄጂ ነው?» አለኝ። እሱም እውነቱን ነው። ገጹ ለዓመታት የተገነባ አማና ነው፤ አማና ደግሞ በአንድ ቀን አይገዛም።

ይህ ክርክር የማዮ ብቻ አይደለም። እንግሊዞች የመንግሥት ሒሳብን ለዘመናት በእንጨት ይዘው ነበር። ዕዳውን በእንጨቱ ላይ በቢላ ይቆርጡና ለሁለት ይሰነጥቁታል፤ ግማሹ ለአንዱ፣ ግማሹ ለሌላው። ሲገጠሙ ልክ ከመጡ ማንም አይክድም። በ1826 ይህ አሠራር ቀረ። አሮጌዎቹን እንጨቶች ጥቅምት 16 ቀን 1834 በፓርላማው ምድጃ ሲያቃጥሏቸው እሳቱ አምልጦ ፓርላማውን ራሱን በላው። አሮጌ ሒሳብ በጥንቃቄ ካልተዘጋ ቤት ያቃጥላል ብል ተረት አይደለም።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችንም ይህንኑ ጥያቄ በሱቅ ካርድ ይጠይቁናል። እዚያ ትላልቅ ሱቆች ገና ከመቶ ዓመት በፊት ለደንበኛው ቁጥር የተቀረጸበት የብረት ምልክት ይሰጡ ነበር፤ የዛሬው ካርድ የእሱ ልጅ ነው። ካርዱን በመቀስ መቁረጥ ሒሳቡን አይዘጋውም። ቀሪው ዜሮ መሆኑን፣ ከመጨረሻው መግለጫ በኋላ የተንጠባጠበ ወለድ አለመኖሩን አይቶ፣ ደውሎ ማዘጋትና በጽሑፍ ማረጋገጫ መቀበል ያስፈልጋል። መዝጋቱም ዋጋ አለው፤ የተፈቀደልህ የብድር መጠን ስለሚቀንስ፣ በሌሎች ካርዶች ላይ ዕዳ ካለህ የብድር ነጥብህ ሊወርድ ይችላል። ቤት ወይም መኪና በብድር ሊገዛ የተዘጋጀ ሰው ግዢውን ጨርሶ ቢዘጋ ይሻለዋል። ዓመታዊ ክፍያ ያለበት ወይም እጁን የሚያሳክከው ሰው ግን ቢዘጋው ይሻላል። እነሱም አማናን ይመዝናሉ፤ የሚመዝኑት በቁጥር ነው እንጂ።

እኔ መካከለኛውን መንገድ ያዝኩ። ጠዋት ሱቁ ሳይጨናነቅ፣ ጎረቤቴን እትዬን ይዤ ሄድኩ። «ሐጂ፣ ሒሳቡን እንዝጋው፣ ስሜን ግን አታውጣው» አልኩት። ቁርአኑ ዕዳ ይጻፍ፣ ምስክር ይኑር የሚል ስለሆነ ምስክር ይዤ መምጣቴ አላስቀየመውም፤ እንዲያውም ወደደው። ገጹን ከላይ እስከ ታች ጮክ ብሎ አነበበ። በእያንዳንዱ መስመር ላይ መስመር ሰረዘ። ከታች «ኻሊስ» ብሎ ጻፈ፣ ቀኑን አኖረ፣ ፈረመ። እኔም ፈረምኩ፣ በስልኬም ፎቶ አነሳሁት። ከእንግዲህ እኔ ራሴ ካልመጣሁ ለማንም በስሜ እንዳይሰጥ ተስማማን። ከዚያ «ዐፉ በለኝ» አልኩት፤ እሱም «ዐፉ» አለኝ።

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ሲጀመር ሁለቱም መካሪዎቼ ትክክል ሆኑ። በመጀመሪያው ሳምንት ሱቁ በግማሽ በር ሲሸጥ፣ እጄ ላይ ጥሬ ገንዘብ አልነበረም። ሐጂ ስሜን አይቶ ዱቄትና ዘይት ሰጠኝ። ገዳሪፍ ስንደርስ ከዚያ ልኬ ከፈልኩት፣ ከዚያም በገላባት አድርገን መተማ ገባን። በመስከረም 10 የማዮው ጎሮ ገበያ ከአየር ተመትቶ ከ40 በላይ ሰው ሲሞት እኛ መተማ ነበርን። ስንቱን የምናውቀውን ሰው እንዳጣን ሰፈሩ የነበረ ያውቃል።

በኋላ የሐጂ ወንድም ደብተሩን ይዞ ገዳሪፍ ወጣና ለባለዕዳዎቹ ሁሉ መደወል ጀመረ። አይፈረድበትም፤ ሱቁ ተዘርፏል። ብዙ ወገኖቻችን ግን «ከፍያለሁ»፣ «አልከፈልክም» ሲባባሉ ከረሙ፤ ገጻቸው ላይ ያለው ቁጥር በአሮጌው ይሁን በአዲሱ የሚመሰክር አልነበረም። ለእኔ ሲደውል ፎቶውንና የገዳሪፉን ደረሰኝ ላክሁለት። «ኻሊስ፣ አላህ ይባርክልሽ» አለና ዘጋው።

ወገኖቼ፣ መተማም ሆናችሁ ሁመራ፣ አዲስ አበባም ሆናችሁ ካይሮ፣ ዱቤ የማያውቅ ነጋዴ የለም። ዕዳችሁ ሲያልቅ ደስታው አያዘናጋችሁ። በሁለት ሰው ፊት አስነብቡት፣ አሰርዙት፣ ቀንና ፊርማ ይኑረው፣ ገንዘቡ የየትኛው አገር እንደሆነ በፊደል ይጻፍ። ስማችሁን ግን አትፋቁ። ሒሳብ ይዘጋል፤ ሰውዬው ግን ነገም ያስፈልጋችኋል።