የጓሳው አባ ቄራ፦ ከመንግሥት ያልተሾመ አለቃ

ቄሮ ሲባል የዛሬ አንባቢ ሐሳብ ወደ ቅርቡ ፖለቲካ ይሮጣል። የመንዙ ቄሮ ግን ሌላ ነው፤ ዕድሜውም በአካባቢው ትውፊት እስከ 17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይመለሳል። ሥራው ሣር መጠበቅ ነበር። ይህ ቀላል የሚመስለው ሰው ካለ፣ በጎቹ ተርበው፣ ጉልበት የደረሰ ሣር አጥር በሌለበት ሜዳ ላይ ቆሞ እያየ፣ አንድ አገር ሕዝብ ሦስት ዓመት ሙሉ እጁን ሰብስቦ እንዲቀመጥ ማድረግ ምን እንደሚጠይቅ ያስብ።

ቦታው ጓሳ ነው። ከመሐል ሜዳ ብዙም ሳይርቅ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ ወደ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ውርጫም ምድር። ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። የጓሳ ሣር ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ እረኛ ከዝናብ የሚጠለልበት ገሳ ይሠራበታል። በድርቅ ዓመት ደግሞ የከብትና የበግ የመጨረሻ መጠጊያ ነው። ጭላዳውና ቀይ ቀበሮውም እዚያው ይኖራሉ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ውጭ የለም፤ የቀረውም በጥቂት መቶዎች የሚቆጠር ነው። እነዚህ እንስሳት እስከ ዛሬ ጓሳ ላይ የተገኙት በአብዛኛው ሣሩን ለራሱ ሲል በጠበቀው ገበሬ ምክንያት ነው።

ትውፊቱ እንደሚለው ጓሳን ለጋራ ጥቅም የለዩት አስቦና ጌራ የተባሉ አቅኚ አባቶች ናቸው። መብቱ ለልጅ ልጆቻቸው በአጽመ ርስት ተላለፈ። ተወላጆቹም በሁለት ወገን ሆነው ለአስቦ አንድ፣ ለጌራ አንድ አለቃ መረጡ። አለቃው አባ ቄራ ይባላል። ነጋሪት ተጎስሞለት ከላይ የተላከ ሹም አልነበረም። ተጠቃሚው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ጎረቤቱም ባላንጣውም እያየው የሚመረጥ ሰው ነበር። ከሥሩ ተጠቃሚው በየአጥቢያው ተከፋፍሎ ይደራጃል፤ ወሬው የሚደርሰው፣ ውሳኔው የሚነገረው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው።

የአባ ቄራ ትልቁ ሥልጣን መዝጋትና መክፈት ነው። ጓሳ ሲዘጋ ለሁሉም ይዘጋል። ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ማጨድ የለም፣ ማሰማራት የለም፣ ማገዶ መልቀም የለም። ሣሩ ደርሷል ብሎ ሲያምን በበጋው ወራት ቀን ቆርጦ ያስነግራል፤ ሕዝቡም ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ክረምቱ ሲቃረብ እንደገና ይዘጋል። በተዘጋ ጊዜ ጥበቃው የአባ ቄራ ብቻ አልነበረም፤ ሲጠራ አቅም ያለው ሁሉ ለቅኝት መውጣት ግዴታው ነው። ሕግ የጣሰ የሚጠብቀው ከግርፋት አንስቶ እስከ ከባድ መቀጫ ይደርሳል። የዋህ የመንደር ሽማግሌዎች ጉባኤ አድርጎ ማሰብ አይገባም፤ ቄሮ ጠንካራ፣ አንዳንዴም ጨካኝ ነበር።

ታዲያ ሰው ለምን ታዘዘ? በቅጣቱ ፍርሃት ብቻ ነው ማለት አያስኬድም። አባ ቄራው ራሱ ተጠቃሚ ነው። ጓሳን ሲዘጋ የሚዘጋው የራሱን በጎችም ላይ ነው፤ የእሱም ጎጆ ክዳን እንደ ሰው ሁሉ ያረጃል። ከሌላው ቀድሞ የማጨድ መብት ቢኖረው ኖሮ በማግስቱ የሚሰማው አያገኝም ነበር።

እዚህ ላይ የዘመናችንን የሙያ ማኅበራት ማንሳት ተገቢ ነው። የመምህራን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1949 ከተመሠረተ ወዲህ ሐኪሙም፣ ነርሱም፣ መሐንዲሱም፣ ጠበቃውም በየሙያው ተደራጅቷል። በአብዛኛው ወንበሩ ደመወዝ የለውም። ጠቅላላ ጉባኤ ተጠርቶ ምርጫ ላይ ሲደረስ ግን አዳራሹ ዝም ይላል፤ ሰው ስልኩን ያያል፣ አንዱ ሌላውን ይጠቁማል፣ የተጠቆመው ጊዜ የለኝም ይላል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የበጎ ፈቃድ መንፈስ መጥፋት ነው ይባላል። የጓሳ ታሪክ ሌላ ነገር ይጠቁማል። ሰው በነጻ የሚያገለግለው ውሳኔው የሚጸናበት ቦታ ላይ ነው። ያለ ደመወዝ መሥራት አይከብድም፤ የሚከብደው ጠርቶ የሚመጣ ማጣት ነው።

ስለ ጋራ ሀብት የዓለም ምሁራን ብዙ ተከራክረዋል። ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጽሑፉ የጋራ ግጦሽ መጨረሻው ጥፋት ነው ብሎ ነበር። ኤሊኖር ኦስትሮም ደግሞ በ1990 ባወጣችው መጽሐፍ ይህን ሞገተች፤ በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ከምሳሌዎቿ አንዷ የስዊዘርላንዷ ቶርበል መንደር ናት፤ በዚያ በ1517 የወጣ ደንብ ማንም ሰው ክረምቱን ሊቀልብ ከሚችለው ላም በላይ ወደ ጋራው ተራራ እንዳይልክ ይከለክላል። የመንዝ ገበሬ ይህን ቢሰማ የሚደነቅ አይመስልም።

ቄሮን ግን አጊጦ ማቅረብ ታሪክን መካድ ነው። መብቱ የዘር ነበር። ከአስቦና ከጌራ ያልተወለደ፣ እዚያው ኖሮ እዚያው ቢያርስም፣ ጓሳን ከሩቅ ያያል። ስለዚህ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ ሁሉም አላዘነም። ርስት ሲሻር የአባ ቄራም መሠረት አብሮ ተናደ። ውጭ የቆመው ገባ፤ መብቱም ነበር። ችግሩ፣ አዋጁ የተወላጆቹን ብቸኛ መብት ሲያፈርስ የመዝጋትና የመክፈት ሥልጣንንም ባለቤት አልባ አደረገው። አዲሶቹ የገበሬ ማኅበራት መሬት ለማከፋፈል እንጂ ሣር ሦስት ዓመት ለማቆየት የተቋቋሙ አልነበሩም። ሁሉም አጨደ፤ ሁሉም አሰማራ።

የሚገርመው፣ ነገሩ እዚያ አለመቆሙ ነው። ነዋሪዎቹ ከየገበሬ ማኅበሩ ሰው መርጠው ጥበቃውን እንደገና አቋቋሙ፤ በዚህ ጊዜ መለኪያው የዘር ሐረግ መሆኑ ቀርቶ የቀበሌ ነዋሪነት ሆነ። በኋላም የፍራንክፈርት የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር ድጋፍ ታከለበት፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የአማራ ክልል ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ በደንብ አጸደቀው። አባ ቄራ የሚለው ማዕረግ በደንብ ቁጥርና በምክር ቤት ተተክቷል። ደንቡ በክልሉ ማኅተም ቢወጣም፣ ጓሳን ዝጉ ሲባል በመጀመሪያ በጎቹን መልሶ የሚነዳው ያው የመንዝ ገበሬ ነው፤ ከምክር ቤቱ ወንበር ላይ የሚቀመጠውም የእሱ ጎረቤት።