ለልጅ የተለካ ክታብ

አያቴ ቢቸና ውስጥ መጀመሪያ የወደቁ ቀን ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነበር። ቡና እየተጠጣ ሳለ ሲኒው ከእጃቸው አመለጠ፤ ዓይናቸው ወደ ላይ ተገለበጠ፤ ሰውነታቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አንዱ ጎረቤት ክብሪት ጭሮ ጭሱን በአፍንጫቸው ሥር ያዘ። ሌላዋ «ለሀጩ እንዳይነካህ!» ብላ ጮኸችበት። ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ለቀቃቸው።

በሦስተኛው ቀን ሞጣ የተዳረችው አክስቴ ደረሰች። ከነጠላዋ ጫፍ አንድ የተጠቀለለ ብራና ፈትታ በመኝታቸው አጠገብ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሏት።

«አባዬ፣ በልጅነቴ ስወድቅ እርስዎ ያጻፉልኝ ክታብ እኮ ነው።»

አያቴ ሊያዩት ተነሥተው አጠገቡ ቆሙ። ብራናው ከደረታቸው አላለፈም።

ያን ጊዜ ሳቅን። ነገሩ የገባኝ ስለ ክታብ ማንበብ ከጀመርኩ በኋላ ነው። በድሮው ልማድ ክታብ የሚጻፍበት የፍየል ወይም የበግ ብራና በበሽተኛው ቁመት ልክ ይቆረጥ ነበር፤ ከራስ እስከ እግር ይጠብቀዋል ተብሎ። የበሽተኛው ስም ብዙውን ጊዜ በቀይ ቀለም ይገባል። ክታቡ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ የፊተኛው ስም ተፍቆ የአዲሱ ይጻፋል። የሚጽፉት ደብተሮች የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሱ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ሥራውን ስትቃወመው ኖራለች። ጎጃም ደግሞ፣ ዲማ ጊዮርጊስን የመሰሉ ደብሮች ያሉባት፣ ብዕርና ብራና የማይጠፋባት አገር ናት።

በብዙ ክታቦች ላይ «ባርያና ሌጌዎን» የሚባሉ መናፍስትን የሚያስር ጸሎት አለ። ሌጌዎን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ ያለው ስም ነው። ባርያ ደግሞ ሰውን ይጥላል የሚባለው መንፈስ ነው፤ ዛሬ «የሚጥል በሽታ» የምንለው በአብዛኛው በእሱ ስም ሲጠራ ኖሯል። ይህን በማላገጥ አልጽፈውም። ልጁ እሳት ላይ የሚወድቅበት አባት፣ ሌላ መድኃኒት በሌለበት አገር፣ ፍየሉን አርዶ ብራና ቢያስፍቅ ምን ይባላል?

እዚያው ማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ ግን አንድ ነገር አለ። እሳትና ውኃ ውስጥ የሚጥለው ልጅ ወደ ኢየሱስ በመጣ ጊዜ አባትየው መጀመሪያ የተጠየቀው ይህ ከያዘው ስንት ጊዜ እንደሆነ ነው። መልሱም ከልጅነቱ ጀምሮ የሚል ነበር። ዛሬ ሐኪምም ቀድሞ ከሚጠይቃቸው አንዱ ይሄው ነው፤ መቼ ጀመረ? እኛ ቤት ግን ማንም አልጠየቀም።

ያለመጠየቃችን ምክንያት አለው። እኛ የምናውቀው የሚጥል በሽታ የልጅና የወጣት በሽታ ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ዞረው፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት ከ60,820 ሰው 316 የሚጥል በሽታ ያለባቸው አግኝተዋል። በሽታው በብዛት የታየው ከ10 እስከ 19 ዓመት ባሉት ላይ ነበር። በዘመናዊ መድኃኒት የታከሙት 1.6 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ የቀረው በአብዛኛው ሥራ ሥር፣ ጠበልና ክታብ ነበር። አሜሪካ ሮቸስተር ከተማ ላይ ከ1935 እስከ 1984 እ.ኤ.አ. ያለውን መዝገብ ያጠኑት ደግሞ ሌላ መልክ አዩ፤ አዲስ ሕመምተኛ በብዛት የሚገኘው በሕፃናትና በሽማግሌዎች ዘንድ ነው። ማለትም ሰው በበዛ ዕድሜ በኖረ ቁጥር ይህ በሽታ በእርጅናም በር ያንኳኳል።

በእርጅና ሲጀምር ታዲያ አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባው ሌላ ነገር አለ። ዋናው ስትሮክ ነው። የጭንቅላት እጢ፣ የድሮ ምት፣ የመርሳት በሽታ፣ የስኳር ወይም የሶዲየም መዛባትም አሉበት።

ሽማግሌ ሲወድቅ ሌላ ሰበብ መፈለግ የገጠር ልማድ ብቻ አይምሰላችሁ። ዳግማዊ ምኒልክ በስትሮክ ሲዳከሙ፣ በ1902 ዓ.ም. ደግሞ ክፉኛ ሲመታቸው፣ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ መርዝ ነው የሚል ወሬ ተናፈሰ፤ ጥርጣሬውን ካነሡት አንዱ ጀርመናዊ ሐኪም ነበር። ንጉሡ የሚጥል በሽታ ነበረባቸው ማለቴ አይደለም። ተማረ የተባለውም ሰው ከደም ሥር ይልቅ ጠላትን ለማየት ይቀለዋል ለማለት ነው። ንጉሡ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። ከዚያ አንድ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1912፣ እስከ ዛሬ በአገራችን የሚሰጠው ፌኖባርቢታል መውደቅን እንደሚከላከል ጀርመን አገር ታውቆ ነበር።

አያቴን ሁለተኛ ከወደቁ በኋላ ባሕር ዳር ወሰድናቸው። ግፊታቸው ሰማይ ነክቷል፤ ሲቲ ስካኑ ላይ የቆየ ትንሽ የስትሮክ ጠባሳ ታየ። ሐኪሙ ከዚያ በፊት እንግዳ ነገር አይታችሁ ነበር ወይ አለን። ነበር። ለወራት ያህል ድንገት ፈዘዝ ይሉና ባዶ አፋቸውን ያላምጡ ነበር፤ ስንጠራቸው አይሰሙም፤ ከዚያ እስኪመሽ ድረስ ይምታታባቸዋል። «ጃጁ» ብለን አለፍነው። ለካ እሱም የዚሁ በሽታ መልክ ነው፤ በሽማግሌ ላይ ብዙ ጊዜ እንዲህ ሳያንቀጠቅጥ ይመጣል።

የግፊቱንም የበሽታውንም ክኒን እየዋጡ አራት ዓመት ኖሩ። አንድም ቀን አልወደቁም።

የአንዱ አያት ቢወድቁ በጎን አስተኟቸው፤ አፋቸው ውስጥ ምንም አትክተቱ፤ ለሀጭ አያስይዝም፤ ሰዓት ያዙ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ድንገተኛ ነው። ቶሎ ቢለቃቸውም፣ የመጀመሪያቸው ከሆነ ሐኪም ቤት ውሰዷቸው። መቼ እንደጀመረም ተናገሩ።

ክታቡን አክስቴ ወደ ሞጣ መልሳ ወስዳዋለች። ስሙ አልተፋቀም፤ ያው የእሷ የልጅነቷ ነው።